የዐሩስ ታሪክ፤ የቀይ ባሕር ማረፊያና የገዳሪፍ ስደተኞች

መግቢያ

የትልልቅ ከተሞች ታሪክ ጸሐፊ አያጣም። ነገሥታት የተቀመጡባቸው፥ ጦር የሰፈረባቸውና ገበያ የደራባቸው ሥፍራዎች ሁሉ የሚመሰክርላቸው ጽሑፍ አላቸው። የትንሽ ሥፍራን ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛውም የሚጽፈው ዓይኑ ያየውን ያህል ብቻ ስለ ሆነ የታሪኩ እኩሌታ ሳይነገር ይቀራል። በሱዳን የቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ የምትገኘው፥ ዐሩስ የተባለችው ትንሽ የባሕር ዳር ማረፊያ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች።

ስለ ዐሩስ በውጭ አገር መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ በ2019 ደግሞ ፊልም ተሠርቶ በብዙ አገር ታይቷል። በነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የእስራኤል የምስጢር ሠራተኞች ብልሃትና ድፍረት ነው። ብልሃታቸውም ድፍረታቸውም እውነት ነው፤ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ማረፊያይቱን ለታሪክ ያበቋት ሰዎች ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ተነሥተው፥ በእግራቸው ተጉዘው፥ በገዳሪፍ ምድር በስደተኞች ሠፈር የተቀመጡ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እነርሱ በተለመደው አተራረክ ስማቸው ሳይጠራ፥ በጭነት መኪና ተጭኖ እንደ መጣ ዕቃ ሆነው ይታያሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዐሩስን ታሪክ ከሁለቱም ጫፍ፥ ከባሕሩ ዳርና ከስደተኛው ሠፈር፥ አያይዞ መናገር ነው። ነገሩ መምህራንን በተለይ የሚመለከት ነው፤ የዚህ ታሪክ አንዱ ቆስቋሽ መምህር ነበሩና። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ጠረፉና የቀድሞ ታሪኩ

ከሱዋኪን አንሥቶ ወደ ግብፅ ወሰን የሚዘልቀው የሱዳን ጠረፍ በተራራና በባሕር መካከል የተዘረጋ ጠባብ ሜዳ ነው። ዝናቡ ጥቂት፥ ሙቀቱ ጽኑ ነው። የአገሩ ነባር ነዋሪዎች ግመልና ፍየል የሚያረቡት የቤጃ ሕዝቦች ናቸው። የቤጃ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ በ4ኛው መቶ ዘመን የነገሠው የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ዘመቻዎቹን ባስቀረጸበት የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ቤጃዎችን ይጠቅሳቸዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን ቱርኮች ወደዚህ ባሕር በመጡ ጊዜም ሱዋኪንንና ምጽዋን በአንድነት አጠቃልለው «ሐበሽ» የተባለ ክፍለ ሀገር አቋቁመዋል። ከዚያም አስቀድሞ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ከኢትዮጵያ የሚወጡ መነኮሳትና ምእመናን ከሚሄዱባቸው መንገዶች አንዱ በሱዋኪን በኩል ያልፍ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዚህ ጠረፍ ውሃ ሥር፥ ከጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት አካል የተገነባ ኮራል የሚባል ድንጋይ እንደ ግንብ ተሰድሮ ይገኛል። ይህ ድንጋይ ለመርከበኞች ብዙ ዘመን ጠላት ነበር። የሱዋኪን መግቢያም በዚሁ ምክንያት ጠባብና አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ትላልቅ የእንፋሎት መርከቦች በመጡበት ዘመን እንግሊዞች አሮጌውን ከተማ ትተው ከ1905 ጀምሮ በስተሰሜን አዲስ ወደብ ሠሩ። ይህም በ1909 የተመረቀው ፖርት ሱዳን ነው። ሱዋኪን ነጋዴዎቿን ለአዲሱ ከተማ አስረክባ ቀስ በቀስ ፈራረሰች።

በሰኔ 1940 ደግሞ ኢጣልያ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፥ ኡምብሪያ የተባለ የኢጣልያ መርከብ ብዙ ሺሕ ቶን ቦምብ ጭኖ በፖርት ሱዳን አጠገብ ቆሞ ነበር። ከጭነቱ አብዛኛው በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የኢጣልያ ጦር የተላከ ነው። የመርከቡ አዛዥ ጭነቱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይወድቅ ብሎ መርከቡን ራሱ አሰጠመው። በዚያ ጊዜ አገራችን በወራሪ እጅ ነበረችና፥ በዚያ ባሕር ሥር የቀረው ቦምብ በአርበኞቻችን ራስ ላይ ይወርድ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመርከበኞች ጠላት የነበረው የኮራል ድንጋይ ለሌሎች ሰዎች ሀብት ሆነ። የመተንፈሻ መሣሪያ እየያዙ ባሕር ውስጥ መጥለቅ በአውሮፓ ሲስፋፋ፥ በዚህ ጠረፍ የሚገኘው የዓሣ ዓይነትና የውሃው ጥራት ዝናው ወጣ። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1950 በፖርት ሱዳን አካባቢ ፊልም አነሣ። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ሻዕብ ሩሚ በባሕር ሥር ቤት ሠርቶ፥ ጓደኞቹ ለአንድ ወር ያህል በውስጡ እንዲኖሩ አደረገ። የዚያም ሥራ ፊልም በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ከዚህ በኋላ በዚህ በረሃማ ጠረፍ ላይ የእንግዶች ማረፊያ ለማቋቋም ያሰበ ሰው ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም።

፪. የዐሩስ መሠራት

ዐሩስ ማለት በዐረብኛ ሙሽራ ማለት ነው። ሥፍራዋ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ በረጋበት ዳርቻ ላይ ነው። በ1972 የኢጣልያ ባለሀብቶች ጣራቸው ቀይ የሆነ 15 ትናንሽ ቤቶች፥ ወጥ ቤትና ወደ ባሕሩ የሚመለከት ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ ሠሩባት። የባሕሩ ውበት ምንም አልጎደለውም። የጎደሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም፥ የኤሌክትሪክ ኃይል አልነበረም፥ የሚገባ መንገድም አልነበረም። ስለዚህ ቤቶቹ ተሠርተው ሳለ ማረፊያው ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ሙሽራይቱም ሳትዳር ዓመታት አለፉ።

የውሃ ነገር በዚህ ጠረፍ ሁሉ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ፖርት ሱዳን እንኳ ያህል ከተማ ውሃውን የሚያገኘው ከበስተሰሜኑ ካለው ከአርበዓት የጎርፍ ሸለቆ ነው። በነሐሴ 2024 በዚያ ሸለቆ ላይ የነበረው ግድብ በጎርፍ ተደርምሶ ብዙ መንደሮችን ጠርጓል፥ ከተማውንም ለውሃ ችግር ዳርጓል። ይህን ያነሣነው የባሕር ዳር ማረፊያ ማለት ባሕርና አሸዋ ብቻ እንዳልሆነ ለማመልከት ነው። በበረሃ ጠረፍ ላይ እንግዳ የሚያሳድር ሰው ውሃውንና ነዳጁን ከሩቅ በመኪና ማስመጣት አለበት፤ ይህም ወጪ ከእንግዳው ከሚያገኘው ገንዘብ ይበልጥበታል። ኢጣልያኖቹን ያሸነፋቸው ይህ ሒሳብ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የመጡት ተከራዮች ግን ሒሳባቸው ሌላ ነበረ።

፫. ከባሕሩ ርቆ፥ በገዳሪፍ

አሁን ከጠረፉ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መንገድ ርቀን ወደ ገዳሪፍ እንሂድ። ገዳሪፍ በማሽላና በሰሊጥ የታወቀ፥ አፈሩ ጥቁር የሆነ ሜዳ ነው። ከጎንደር በመተማና በገላባት በኩል የሚወርደው የንግድ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ከዚህ አገር ጋር አገናኝቶናል፤ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜም ከኢትዮጵያ የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች ብዙዎች ናቸው። መንገዱ የንግድ ብቻ አይደለም፤ በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ መንገድ ላይ በመተማ ነው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን በዚህ መንገድ የሚወርደው በአብዛኛው ስደተኛ ሆነ። ቀይ ሽብር፥ በኤርትራና በትግራይ የሚደረገው ጦርነት፥ በጎንደር የነበረው የልዩ ልዩ ድርጅቶች ፍልሚያ፥ ኋላም ድርቁ፥ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሱዳን አሻገረ። ሱዳን ራሷ ድኻ አገር ስትሆን ይህን ሁሉ ሕዝብ ተቀብላ ማስፈሯ ሊዘነጋ የማይገባው ውለታ ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ ከተቋቋሙት ሠፈሮች ኡም ራኩባና ተዋዋ በተለይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይነሣሉ።

ከስደተኞቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። እነዚህ በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች በእርሻ፥ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ የኖሩ፥ ኦሪትን የሚጠብቁ፥ ኢየሩሳሌምን በጸሎታቸው የሚጠሩ ወገኖቻችን ናቸው። በ1977 የእስራኤልና የኢትዮጵያ መንግሥታት በምስጢር ባደረጉት ስምምነት 120 ያህሉ በሁለት በረራ ወደ እስራኤል ሄደው ነበር። በ1978 መጀመሪያ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ስለ ጦር መሣሪያ ርዳታው በአደባባይ ስለ ተናገሩ ያ በር ተዘጋ። ስለዚህ የሚቀረው መውጫ በሱዳን በኩል ያለው ብቻ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነው አቶ ፈረደ አክሉም በታሪኩ ውስጥ ብቅ የሚሉት። አቶ ፈረደ የትግራይ ተወላጅ፥ በሙያቸው መምህር ነበሩ። የደርግ መንግሥት ስላሳደዳቸው ወደ ሱዳን ሸሽተው ካርቱም ገቡ፤ ከዚያም ሆነው ችግራቸውን ለውጭ አገር የርዳታ ድርጅቶች በደብዳቤ አስታወቁ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ በእስራኤል የስለላ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ፤ በ1979 መሥሪያ ቤቱ የላከው ሰው አፈላልጎ አገኛቸው። አቶ ፈረደ ወደ እስራኤል ቶሎ ከመሄድ ይልቅ በሱዳን ቆይተው ሌሎች ወገኖቻቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ ወደ ኢትዮጵያም በሱዳን በኩል መንገድ መከፈቱን የሚያበሥር ቃል ላኩ። በኋላ በባሕርና በአየር ለተደረገው ሁሉ መነሻ የሆነው ይህ የአንድ ስደተኛ መምህር ደብዳቤ ነው።

ቃሉ በየመንደሩ በተሰማ ጊዜ ሽማግሌና ሕፃን፥ ነፍሰ ጡርና ዓይነ ስውር ሳይቀሩ ቤታቸውን እየዘጉ ተነሡ። ወታደርና ወንበዴ እንዳያገኛቸው ቀን ተሸሽገው ሌሊት ይጓዙ ነበር፤ ጉዞውም ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ሱዳን ከደረሱም በኋላ ሠፈሩ ዕረፍት አልሆናቸውም። እስራኤልና ሱዳን ጠላቶች ስለ ነበሩ ማንነታቸውን መሰወር ነበረባቸው። በተለይ በ1984 ከድርቁ የተነሣ ሠፈሮቹ በተጨናነቁ ጊዜ በረኃብ፥ በወባና በተቅማጥ የሞተው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በመንገድና በሱዳን ሠፈሮች ያለቁት ቤተ እስራኤል ቁጥራቸው ወደ 4,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በነዚያው ሠፈሮች ጎን ለጎን የነበሩ ክርስቲያንና እስላም ስደተኞችም ከዚሁ በሽታና ከዚሁ ረኃብ አላመለጡም።

፬. ማረፊያይቱ ስትከፈት

የእስራኤል የምስጢር ሠራተኞች ስደተኞቹን ከሱዳን ለማውጣት መንገድ ሲፈልጉ በጠረፉ ላይ ባዶዋን ዐሩስን አገኙ። የስዊስ ኩባንያ ሠራተኞች ነን ብለው ከሱዳን የቱሪዝም ባለሥልጣኖች ጋር ተዋውለው፥ ለ3 ዓመት በ320,000 ዶላር ማረፊያይቱን ተከራዩ። ቤቶቹን አደሱ፤ የማቀዝቀዣ መሣሪያ፥ የጀልባ ሞተርና የባሕር ስፖርት ዕቃ አስገቡ፤ ውሃና ነዳጅ የሚያቀርብላቸው ሰው ተዋዋሉ። ከአካባቢው 15 ያህል ሠራተኞች፥ አስተናጋጅ፥ ሾፌር፥ ቤት አጽጂና ወጥ ሠሪ፥ ከተለመደው ደመወዝ እጥፍ እየከፈሉ ቀጠሩ። የመጥለቂያ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ግን ለነዚህ ሠራተኞች የተከለከለ ነበር፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚነጋገሩበት የራዲዮ መሣሪያ በውስጡ ተሰውሮ ነበርና።

አስገራሚው ነገር ማረፊያይቱ በእውነት ማረፊያ መሆኗ ነው። ማስታወቂያዋ በአውሮፓ ተሰራጭቶ የባሕር ጠላቂዎች መጡ፤ በካርቱም የሚኖሩ የውጭ አገር ዲፕሎማቶችና የሱዳን ባለሥልጣኖች ያርፉባት ጀመር። ኢጣልያኖቹን ያከሰረው ሒሳብ እንኳ ቀስ በቀስ ተስተካክሎ ገቢዋ ወጪዋን ለመሸፈን በቃ። እንግዶቹ ቀን በባሕሩ ሲዝናኑ፥ አስተናጋጆቻቸው ለጥቂት ቀናት ወደ ካርቱም እንሄዳለን እያሉ በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ይወርዱ ነበር።

፭. የሌሊት መንገድ

የባሕሩ ጉዞ የተጀመረው በ1981 መጨረሻ ነው። በዚህ ክፍል የውጭ ጸሐፊዎች ከሁሉ የሚያሳንሱት የኢትዮጵያውያኑን ድርሻ ነው። በየሠፈሩ «ኮሚቴ» እየተባሉ የሚጠሩ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ነበሩ። ማን በየትኛው ጎጆ እንደሚኖር የሚያውቁት፥ በየተራው የሚሄዱትን ቤተሰቦች ለይተው የሚጽፉት፥ በጨለማም ከሠፈሩ አውጥተው መኪናው ወደሚጠብቅበት ሥፍራ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። ሕፃን እንዳያለቅስ፥ ጎረቤት እንዳይነቃ፥ የፀጥታ ሰው እንዳያይ መጠንቀቅ የነርሱ ሥራ ነበረ። ከነርሱም በሱዳን የፀጥታ ኃይል ተይዘው የታሰሩና የተገረፉ አሉ። የውጭ አገሮቹ ሠራተኞች ቢያዙ ከኋላቸው መንግሥት ነበራቸው፤ ኮሚቴዎቹ ግን ቢያዙ ከስደተኛነት ወረቀት በቀር ምንም አልነበራቸውም።

መኪናዎቹ ሌሊት ሲጓዙ አድረው ቀን በሸለቆ ውስጥ ይሸሸጉ ነበር። በየኬላው ወታደር ስለሚጠብቅ፥ አንዳንዱን በማታለል፥ አንዳንዱን በመማለጃ፥ አንዳንዱን በፍጥነት ያልፉ ነበር። ሁለት ሌሊት ተጉዘው ከጠረፉ ሲደርሱ የእስራኤል ባሕረኞች በጎማ ጀልባ ስደተኞቹን ተቀብለው፥ ከጠረፉ ርቆ ወደ ቆመው ባት ጋሊም ወደተባለው መርከብ ያሻግሯቸው ነበር። ከደጋ አገር ለወጣ ገበሬ ባሕርን የመጀመሪያ ጊዜ ማየት፥ ያውም በጨለማ በማያውቀው ጀልባ ላይ ተጭኖ መሻገር፥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አንባቢ ይገምተዋል።

በመጋቢት 1982 ግን የሱዳን ወታደሮች ጀልባዎቹን አዩ። ኮንትሮባንድ ነጋዴዎች መስለዋቸው ተኮሱ፤ ስደተኞቹን የያዙት ጀልባዎች ግን አመለጡ። በጠረፉ የቀሩት ሠራተኞችም እኛ የማረፊያይቱ ሰዎች ነን፥ እንግዶች ይዘን መጥተን ነው ብለው ተከራክረው ዳኑ። ከዚህ በኋላ የባሕሩ መንገድ አደገኛ ስለ ሆነ፥ ከዚያው ዓመት ግንቦት ጀምሮ ወታደራዊ አውሮፕላን በሌሊት በበረሃ እያረፈ ስደተኞቹን ይወስድ ጀመር። ማረፊያይቱም ለዚህ ሥራ መደበቂያ ሆና ቀጠለች።

በመግቢያው አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም ስለሚሄዱት የጥንት ተሳላሚዎች የጠቀስነው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ መነኮሳት በሱዋኪን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱበት ጠረፍ፥ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ቤተ እስራኤል ወደዚያችው ከተማ ለመድረስ ተሻገሩ። የሁለቱ እምነት ይለያያል፥ ዘመኑም ይራራቃል፤ ነገር ግን የአገራችን ሰው ይህን ባሕር የሚያውቀው በመዝናናት ሳይሆን በናፍቆት መሆኑን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

፮. የማረፊያይቱ መዘጋት

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ ድረስ፥ ከሱዳን ባለሥልጣኖች ጋር በተደረገ ምስጢራዊ ስምምነት፥ ዘመቻ ሙሴ በተባለው በረራ ከ6,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከካርቱም በአውሮፓ በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ በረራው ቆመ። በመጋቢት 1985 የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች በገዳሪፍ አጠገብ አርፈው የቀሩትን 500 ያህል ሰዎች ወሰዱ።

በሚያዝያ 6 ቀን 1985 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃዕፋር ኒሜሪ ከሥልጣን ወረዱ። አዲሶቹ ገዥዎች ስለ ቤተ እስራኤል መወሰድ ምርመራ ጀመሩ፤ የኒሜሪ ምክትልና የፀጥታ ሹም የነበሩት ዑመር አል ጠይብም በዚሁ ጉዳይ ተከሰው ተፈረደባቸው። በዐሩስ የነበሩት የምስጢር ሠራተኞች ቶሎ እንዲወጡ ታዘዙ። ጎሕ ሳይቀድ በመኪና ወደ ሰሜን ተጉዘው በበረሃ በሚጠብቃቸው አውሮፕላን ሄዱ። በማረፊያይቱ ያደሩት እንግዶች ጠዋት ሲነቁ አስተናጋጆቻቸው የሉም፤ የአገሩ ሠራተኞችም እጥፍ ደመወዝ የሚከፍላቸው አሠሪ ወዴት እንደ ደረሰ ሳያውቁ ቀሩ።

ይህን ክፍል ስናስተምር የሠራተኞቹን ነገር ማለፍ አይገባንም። ሕይወት ለማዳን የተደረገ ማታለል ከሌላው ማታለል ይለያል ብንል እውነት ነው። ሆኖም የተታለሉት ሰዎች ባለጌዎች አልነበሩም፤ በሐቅ ሠርተው የሚያድሩ የጠረፉ ነዋሪዎች ነበሩ። ምንም ሳያውቁ ያፈሰሱት ላብ ለስደተኞቹ መዳን ረድቷልና፥ በታሪኩ ውስጥ ሥፍራ ይገባቸዋል።

፯. ቱነይድባ

የገዳሪፍ ምድር የስደተኛ ታሪክ በ1985 አላበቃም። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰዎች የተከዜን ወንዝና የየብሱን ወሰን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ተዘግቶ የነበረው ኡም ራኩባ፥ ያው የ1980ዎቹ ኡም ራኩባ፥ እንደገና ተከፈተ። እርሱ ሲሞላ በጥር 2021 በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ቱነይድባ የተባለው አዲስ ሠፈር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የዝናብ ወራት በገባ ጊዜ ነፋስና ጎርፍ ድንኳኖቹን አፈራርሶ ብዙ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ጥሏል።

ከስደተኞቹ መካከል መምህራን ነበሩ። መጽሐፍ፥ ጠመኔና ወንበር ሳይሟላላቸው በየሠፈሩ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። መምህር አገሩን ቢያጣ እንኳ ሥራው አብሮት ስለሚሰደድ፥ ሠፈር በተቋቋመበት ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ትምህርት ቤት መሆኑ የተለመደ ነው።

በሚያዝያ 2023 ደግሞ በሱዳን በራሷ ጦርነት ተነሣ። ከካርቱም የሸሸ ሱዳናዊ በገዳሪፍ ተጠለለ፤ ፖርት ሱዳንም የመንግሥቱ መቀመጫ እስከ መሆን ደርሳ፥ በግንቦት 2025 በሰው አልባ አውሮፕላን ተደበደበች። በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የሰንገነብና የዱንጎናብ የባሕር ጥብቅ ሥፍራዎች ከዐሩስ በስተደቡብና በስተሰሜን ይገኛሉ፤ ነገር ግን ጦርነት ባለበት አገር ለመዝናናት የሚመጣ እንግዳ ጥቂት ነው። እነሆ፥ ጠረፉና ገዳሪፍ እንደገና በአንድ መከራ ተሳሰሩ።

፰. ለመምህራን የሚሆን ነገር

ከዚህ ታሪክ ለክፍል የሚሆን ብዙ ነገር ይገኛል። የጂኦግራፊ መምህር ከጎንደር በመተማ፥ በገዳሪፍ፥ በከሰላና በፖርት ሱዳን አድርጎ እስከ ዐሩስ የሚደርሰውን መንገድ በካርታ ላይ ማሳየት ይችላል፤ ተማሪዎቹም በእግር የተሄደውንና በመኪና የተሄደውን ርቀት እያሰሉ፥ መሬቱ ከደጋ ወደ ቆላ፥ ከቆላ ወደ በረሃ ሲለወጥ ይከተሉታል። የታሪክ መምህር ደግሞ አንድን ድርጊት በሦስት ወገን፥ በሰላዩ፥ በስደተኛውና በጠረፉ ነዋሪ ዓይን፥ እንዲጽፉት ሊያዛቸው ይችላል። ሦስቱ ጽሑፎች ሲነጻጸሩ ታሪክ ማለት ምን እንደ ሆነ ያለ ብዙ ትርጓሜ ይገባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመጻፍ ጉዳይ ነው። የዐሩስ ታሪክ በባሕሩ ዳር በኩል የታወቀው፥ በዚያ የነበሩት ሰዎች መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤትና የሚያትም ማተሚያ ቤት ስለ ነበራቸው ነው። በኡም ራኩባና በተዋዋ በኩል ያለው ታሪክ ግን አብዛኛው የቀረው በሽማግሌዎች ቃል ብቻ ነው። ለሞቱት በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ይዘከራሉ። በተቀበሩበት በገዳሪፍ ምድር ግን የብዙዎቹ መቃብር ምልክት የለውም። ሽማግሌዎቹም እያለፉ ነው።

በቱነይድባ ይህ እንዳይደገም ማድረግ የሚቻለው ነገሩ ሳይረሳ በመጻፍ ነው። በሠፈሩ ስንት ክፍል እንደ ነበረ፥ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደ ተቀመጠ፥ መጽሐፍ ባልነበረበት ጊዜ ምን እንዳስተማሩ፥ በየትኛው ቋንቋ እንዳስተማሩ፥ ዝናቡ ዳሱን ሲያፈርሰው ትምህርቱ ስንት ቀን እንደ ተቋረጠ፥ ማን ተማሪ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቁት እዚያ ያስተማሩት መምህራን ናቸው። ከነዚህም አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፥ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ አገር ተሻግረዋል። የመምህራን ማኅበር እነዚህን ሰዎች በያሉበት ፈልጎ፥ የሚያስታውሱትን በደብተር እንዲያሰፍሩ ቢያደርግ፥ ከዐሩስ ታሪክ የጎደለው እኩሌታ በቱነይድባ ታሪክ አይጎድልም። መምህር ፈረደ አክሉም በካርቱም ተቀምጠው ብዕር ባያነሡ ኖሮ ከዚህ በላይ የተተረከው ሁሉ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ለቱነይድባ መምህራንም የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ያዩትን በብዕር አስፍረው እንዲያስረክቡን።